ልጅ ይዞ በጣና ላይ፦ ከጎርጎራ የሚነሱ ጀልባዎች ምን ቢያሻሽሉ ይሻላል?

ጎንደር ላይ ሆኖ ቤተሰቡን በጀልባ ማንሸራሸር ላሰበ ሰው ቅርቡ ወደብ ጎርጎራ ነው። በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውኃ ነው። ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው ያዘናጋል። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ትንሽ ጀልባን የሚያስጨንቀውም ይኸው ዓይነቱ ነው።

ስለ አገልግሎቱ ባጭሩ ለመናገር ነጂዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ የሚጎድለው ዕቃውና ዝግጅቱ ነው። ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ደለሉ ከዓምና ዘንድሮ እስከየት እንደገፋ፣ እምቦጩ በየትኛው ነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ጀልባዎቹ ግን ለሁለት ሥራ የተዘጋጁ ናቸው፤ ወይ ሰውና እህል ከዳር ዳር ለማመላለስ፣ ወይ ጎልማሳ ጎብኚን ገዳም አድርሶ ለመመለስ። የአራት ዓመት ልጅ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃንና ጉልበታቸው የደከመ አያት አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ በስሌቱ ውስጥ የለም። ይህ ቤተሰብ የሚጠይቀው ደግሞ ቅንጦት አይደለም። በውቅያኖስ ላይ የሚሄዱት የሽርሽር መርከቦች የመዋኛ ገንዳና ሲኒማ አላቸው፤ ያንን ጣና ላይ የሚመኝ የለም። ከእነሱ ሊቀዳ የሚገባው ሌላ ነው፣ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ከሁሉ የሚቀድመው የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ጃኬቱ አብዛኛው ጀልባ ላይ አለ፤ ብርቱካናማው፣ ሁሉም በአዋቂ ልክ የተሰፋው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ጃኬትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን፣ ከ15 እስከ 43 ኪሎ ለሆነ ልጅ፣ 43 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ አዋቂ። 18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የአዋቂ ጃኬት ለብሶ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። ወይ ጃኬቱ በጭንቅላቱ አልፎ ይወጣል፣ ወይ ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ማሰሪያውን ማጥበቅ አይበቃም፤ የትንሽ ልጅ ትከሻ ጠባብ ነው፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። የልጅ ጃኬት በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ለዚህ ነው። የሕፃኑ ደግሞ ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ የሚይዝ የአንገት ትራስና ከኋላ ለመጎተት የሚሆን መያዣ አለው። በአፍ የሚነፉት የክንድ ፊኛዎች የልጅ መጫወቻ ናቸው፤ በጃኬት ምትክ ሊቆጠሩ አይገባም።

ጃኬት ሲሰጣችሁ ሳትሳፈሩ፣ መሬት ላይ ሳላችሁ ሞክሩት። ልጁ ይልበሰው፣ ማሰሪያው ሁሉ ይታሰር፣ ከዚያ የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፤ ሌላ ጠይቁ። ቀጥሎ ውስጡን በእጃችሁ ጨምቁት። ደህና ፎም ተጨምቆ ይመለሳል፤ ያረጀው ግን ጠንክሮ ይሰነጠቃል ወይም እንደተጨመቀ ይቀራል። ብዙ ጀልባ ላይ ጃኬቶቹ የመቀመጫ ትራስ ሆነው ያገለግላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው የተቀመጠበት ፎም ይሳሳል፣ የማንሳፈፍ አቅሙም ይቀንሳል። ጨርቁ በፀሐይ ነጥቶ ከሆነ ክሩን ሳቡት፤ የሚበጠስ ክር ያለው ጃኬት ባለበት ጀልባ ልጅ አታሳፍሩ። ፊሽካና አንጸባራቂ ጥብጣብ መኖሩንም እዩ።

ለጀልባ ባለቤቶች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። 20 ሰው የምትጭን ጀልባ ከአዋቂው ጃኬት ሌላ ስድስት የልጅና ሁለት የሕፃን ብትይዝ ለአብዛኛው ቀን ይበቃታል። ኪሎው በትልቁ በአማርኛ ይጻፍበት። ተቆልፎ በሣጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ መቀመጫው ጀርባ ላይ ይሰቀል። ከጉዞ በኋላ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ርጥቡን አጣጥፎ ማስቀመጥ ጨርቁን ያሻግታል፣ ፀሐይ ላይ መተው ደግሞ ያነጣዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም፤ ከመነሳት በፊት የሚሰጥ ማብራሪያ ነው። ጥር 2004 ዓ.ም. ጣሊያን ዳርቻ ላይ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የሽርሽር መርከብ ዓለት መትታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን ከተሳፈሩት ብዙዎቹ በአደጋ ጊዜ የት እንደሚሰበሰቡ ገና አልተነገራቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተቀይሮ ልምምዱ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሳች እንዲሆን ተደርጓል። በትልልቆቹ የቤተሰብ መርከቦች ላይ ልጆች መሰብሰቢያቸው የተጻፈበት አምባር እጃቸው ላይ ይታሰርላቸዋል፤ ሠራተኛው ጠፍቶ ያገኘውን ልጅ የት እንደሚያደርስ በአንድ እይታ ያውቃል። ጎርጎራ ላይ ይህ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር በአንድ ልጅ ላይ ማሳየት፣ የት መቀመጥ እንደማይቻል መናገር፣ ሰው ቢወድቅ ማን ምን እንደሚያደርግ መከፋፈል፤ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ተጠሪ የሚሆን አንድ አዋቂ በስም ይለይ፤ ሁሉም ሲጠብቀው ማንም የማይጠብቀው ልጅ ስላለ ነው። ሰው ሲወድቅ ነጂው ሞተሩን ከማርሽ ያወጣል፣ አንዱ ተንሳፋፊ ቀለበቱን ከነገመዱ ይወረውራል፣ ሌላው ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ እየጠቆመ ይቆያል። በማዕበል መካከል ጭንቅላት ከሰላሳ ሜትር ርቆ ቶሎ ይሰወራል፤ የጠቋሚው ሥራ ቀላል መስሎ የሚዘለል፣ ግን ነፍስ የሚያድን ነው።

መሳፈሪያው ሌላ ጉዳይ ነው። የጣና ውኃ ከክረምቱ መውጫ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ በዓመት ከሜትር ያልፋል። መስከረም ላይ ከጀልባው ጠርዝ ጋር እኩል የነበረ የድንጋይ ማረፊያ ሚያዝያ ላይ ከጀልባው በላይ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ወይም ጀልባዋ ወደ ዳር መጠጋት አቅቷት ሰው በውኃ ውስጥ ይሻገራል። ያን ጊዜ ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል፣ አያት በአንዲት እርጥብ ሳንቃ ላይ ይራመዳሉ። መፍትሔው ተንሳፋፊ መሳፈሪያ ነው። ባዶ የተዘጉ በርሜሎች ከሥር፣ ሳንቃ ከላይ፣ ዳር ዳሩን ለእጅ መያዣ የሚሆን ገመድ፤ ከውኃው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጀልባና መሳፈሪያ ዓመቱን ሙሉ አይለያዩም። ሳንቃው ላይ አሸዋ የተቀላቀለበት ቀለም ቢቀባ አያንሸራትትም። ይህን የጎርጎራ ብየዳ ቤት ሊሠራው የሚችለው ነው፣ ባለጀልባዎቹም ተዋጥተው በጋራ ሊያቆሙት ይችላሉ።

በውኃ ውስጥ መሻገር የሚያሳስበው ለእርጥበቱ ብቻ አይደለም። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ አለበት። ትሉን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትኖረው ሣር ባለበት ዝምተኛ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው፤ ልጆች ለመንቦራጨቅ የሚመርጡትም ያንኑ ቦታ ነው። «ይታጠቡ፣ ምንም አይሆኑም» የሚል ነጂ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ልጅ ሳታዩት ገብቶ ከሆነ ወዲያው በፎጣ አጥብቃችሁ አድርቁት፣ ለሐኪምም ንገሩ። መታከሚያ መድኃኒቱ አለ፤ ጉዳቱ የሚበዛው ሳይታወቅ ሲቆይ ነው።

ስለ ጭነት ስንናገር ትልቁ ስሕተት የልጅ አቆጣጠር ነው። ታቅፎ የተያዘ ልጅ «ሰው» ሳይባል ይታለፋል። አራት ቤተሰብ አራት አራት ልጅ ይዞ ሲገባ ጀልባዋ በቁጥር ስምንት አዋቂ የጫነች ትመስላለች፣ በእውነቱ ግን 24 ነፍስ ይዛለች፤ ጃኬቱም ለ24 አይበቃም። ሕፃንም ቢሆን አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠር። የምትጭነው የሰው ቁጥር፣ ነጂውንና ረዳቱን ጨምሮ፣ ጀልባዋ ጎን ላይ በቀለም ይጻፍ። ከዚሁ ጋር ውኃው ሊያልፈው የማይገባ ነጭ መስመር ይሠመር። ሁሉም ከተሳፈረ በኋላ መስመሩ ውኃ ውስጥ ከገባ ሰው መውረድ አለበት፤ ክርክር የለውም። በመስመሩ ማንም፣ ማንበብ የማይችልም ቢሆን፣ ሊፈርድ ይችላል።

ክብደቱ ልክ ቢሆን እንኳ አቀማመጡ ጀልባን ይገለብጣል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ሚዛኑን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ስታዘነብል መመለስ ያቅታታል። ጉማሬ ታየ ሲባል ደግሞ ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ነጂው ጉማሬ ያለበት አካባቢ ከመድረሱ በፊት «ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ ይይ፣ ጀልባዋን አዞርላችኋለሁ» ቢል ሁለቱም ጎን በተራው ያያል። ከአውሬው ራቅ ማለቱ እንዳለ ሆኖ።

ጊዜውን በተመለከተ ጠዋት ሐይቁ በአብዛኛው የተኛ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትልና መሬቱ ከውኃው ይልቅ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሳል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ያለው ጉዞ ልጅ ለያዘ ሰው አይመከርም። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውኃ ላይ መሆን ያስፈልጋል። ይህ ከጎንደር በዕለቱ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው፤ ልጆችን በሌሊት ቀስቅሶ ማስነሳት ነው። አዋጩ ዋዜማውን ጎርጎራ ማደር ነው፤ የመንገዱንም ሁኔታ ቀድሞ ደውሎ ማጣራት፣ ሳይመሽ መግባት። ባለጀልባዎቹ ከማደሪያዎቹ ጋር ተነጋግረው ማደሪያውን፣ ቁርሱንና ጀልባውን በአንድ ዋጋ ቢያቀርቡ ብዙ ቤተሰብ ይመጣላቸዋል።

ወዴት መሄድ? ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ጉዞ አትያዙ። ደብረ ሲና ማርያም እዚያው ጎርጎራ ውስጥ ስለሆነች በእግር ትታያለች። በጀልባ ደግሞ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ አሮጌው ጎርጎራ፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደተሠራው ግንብ ፍርስራሽ መሄድ ይቻላል። ፋሲል ግቢን እየተመላለሰ ያየ የጎንደር ልጅ ይህን ሲያይ ታሪኩ ይያያዝለታል። ከፍ ያሉ ልጆች ካሉ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ አለች፤ የቁስቋሟ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናት፣ ሴቶችም ይገባሉ። ግን ከጎርጎራ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በምትሄድ ጀልባ መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ሊከበር ይገባል። ማሻሻል ያለበት ባለጀልባው ነው፤ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይናገር። እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው እንዲጠብቁ የሚያደርግ ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ ተብሎ መሸጥ የለበትም።

ሞተሩን እንመልከት። ጣና ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም. የታወቀው እምቦጭ ይበልጥ የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው፤ ማለትም የጎርጎራ ጀልባዎች በሚሠሩበት አካባቢ። አረሙ ሞተሩን በሁለት መንገድ ያስቆመዋል። ሥሩና ግንዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሞተሩ ለማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብበትን ቀዳዳ መድፈኑ ነው። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውኃ ይረጫል፤ ያ ርጭት ከቆመ ሞተሩ እየጋለ ነውና ወዲያው መጥፋት አለበት። ችላ ተብሎ ከተነዳ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ከዚያ በኋላ መሐል ሐይቅ ላይ የሚጠገን አይደለም። እምቦጩን የሚያጸዳ ሰው መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፋ፣ ከዚያ ያንሣው፣ ከዚያ በቢላ ይቁረጥ፤ በማርሽ ላይ እያለ እጁን አያስገባ። ጀልባዋ ቢላ፣ ትርፍ ካንዴላና የመፍቻው ቁልፍ፣ ትርፍ የማስነሻ ገመድ፣ መልሕቅ ከነገመዱና ሁለት መቅዘፊያ ሊኖራት ይገባል። ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ እጁ ላይ ይሰር፤ ማዕበል መትቶት ቢወድቅ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፤ አለበለዚያ ጀልባዋ ልጆቹን ይዛ ያለ ነጂ ትሄዳለች።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበናል፤ ጀልባ ላይ የሚፈላ ቡና። ሽርሽር ያለ ቡና አይሆንም፣ ይገባናል። ግን ከሰል የነደደበት ማንደጃ የቤንዚን ጀሪካን ካለበት ጀልባ ላይ መቀመጥ የለበትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርድና እዚያው ይጠራቀማል፤ አይታይም፣ ከሰሉ ግን ያገኘዋል። ቡናው መሬት ላይ ፈልቶ በፔርሙዝ ይግባ። ቤንዚን የሚሞላው ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት፣ ጀሪካኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሁን፤ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚያብጥም አፉ ድረስ አይሞላ። የእሳት ማጥፊያው ነጂው አጠገብ ይሰቀል። ሞተሩ ጋ ከሆነ እሳቱ ሲነሳ የሚደርስበት የለም።

መጸዳጃ የሌለው ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት ለልጅ ብዙ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ከነመቀመጫው፣ ሰጋቱራ ወይም አመድ፣ ዙሪያውን የሚጋርድ ሸራ፤ ይህ ይበቃል። ሐይቁ ውስጥ ግን አይደፋ፣ ዳር ላይ ያሉት ሰዎች የሚጠጡት ነው። ቧንቧ የተገጠመለት 20 ሊትር ጀሪካንና ሳሙና አጠገቡ ይቀመጥ። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ቤተሰብ የሚያሳምመው የሆድ ቫይረስ በአልኮል ጄል በደንብ አይሞትም፤ ሳሙናና ውኃ ነው የሚያስለቅቀው።

ጥላው በቆርቆሮ ፋንታ ወፍራም ሸራ ቢሆን ይሻላል፤ ቆርቆሮ ይግላል፣ ክብደቱም ከላይ ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ከቆላው የበለጠ ታቃጥላለች፣ ውኃው ደግሞ ከሥር ይመልሳታል፤ ስለዚህ ጣሪያ ቢኖርም ለልጆች ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልጋል። የሚያቅለሸልሸው ልጅ ወደ ኋላ፣ መሐል ላይ ተቀምጦ ሩቁን ዳርቻ ይይ፤ በማዕበል ይበልጥ ከፍ ዝቅ የሚለው የጀልባዋ አፍንጫ ነውና ፊት ላይ አታስቀምጡት። ምግቡን ከቤት መያዝ ይሻላል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ በጾም ቀንም የማያስቸግር።

ዋጋውን በተመለከተ ቅሬታ የሚበዛው ከብዛቱ ይልቅ ከመደበቁ ነው። ጀልባው በሰው ነው ወይስ በሙሉ ጀልባ የሚከፈለው? ልጅ ስንት ይከፍላል? የገዳም መግቢያና የአስጎብኚ ውስጡ አለ? ደሴት ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? እነዚህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ። መሳፈሪያው ላይ በሰሌዳ ቢጻፍ ክርክሩ ሁሉ ይቀራል። የተሳፋሪዎች ስምና የመመለሻ ሰዓትም ወደብ ላይ ለሚቀር ሰው ይተው፤ ጀልባዋ ከቀጠሮዋ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ፍለጋ የሚወጣው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ። ስልክ ላይ ብቻ መተማመን አይበቃም።

በገናና በጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ስትሞላ ጎርጎራም ትጨናነቃለች፤ ልጅ ያለው ሰው ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቢሄድ ይመረጣል። በዚያን ሰሞን ቀብድ በቴሌብር ተልኮ ጀልባ ይያዛል፤ ነገር ግን ነፋስ ቢነሳ ምን እንደሚሆን የሚናገር ውል እምብዛም የለም። ነጂው አየሩን አይቶ «ዛሬ አንወጣም» ሲል ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚዛወር ቀድማችሁ አጽፉ፤ በመልእክት የተላከ ማረጋገጫም ይበቃል። ይህ ካልተጻፈ ነጂው የተቀበለውን ላለመመለስ፣ ቤተሰቡም የከፈለውን ላለማጣት ሲሉ፣ ሁለቱም መውጣት በሌለባቸው ቀን ይወጣሉ።